ኦኔሲሞስ ነሲብና የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስለ አገራችን ቋንቋዎች በሚደረገው የሙያ ውይይት ውስጥ የስልክና የኮምፒዩተር የጽሕፈት መሣሪያ ትልቅ ቦታ ይዟል። ነገሩም ተገቢ ነው። በመቀሌ፣ በሓወልቲ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ የከተማውን ስም በእናቱ ቋንቋ አስተካክሎ ለመጻፍ ቢፈልግ፣ ለአማርኛ ብቻ ታስቦ የተሰናዳ ኪቦርድ አይበቃውም፤ መቐለ የሚለው ስም በትግርኛ ሲጻፍ በአማርኛ የማይሠራበትን ቐን ይጠይቃልና። ዛሬ ትግርኛን የሚያውቁ ኪቦርዶች ስላሉ ተማሪው ፊደሉን በጣቱ ነክቶ ያገኘዋል፤ ከየት እንደ መጣም ላይጠይቅ ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ፊደል በስልክ ላይ ከመቀመጡ በፊት በእርሳስ ተቀርጾ በማተሚያ ቤት ሣጥን ውስጥ የኖረበት፣ ከዚያም በፊት ድምፁ በአንድ ሰው ጆሮ ተለይቶ የታወቀበት ዘመን አለ። ይህን ዘመን አጉልቶ ከሚያሳዩት ሰዎች መካከል የኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ መሥራች ተብለው የሚታወቁት ኦኔሲሞስ ነሲብ አንዱ ናቸው።

ኦኔሲሞስ የተወለዱት በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር። ቃሉ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው የአገራችን አባባል እንደዚህ በጉልህ የሠመረለት ሰው ብዙ አይገኝም፤ ነገር ግን ሂካ ወደዚያ ሥራ የደረሰው ማንም ሊመኘው በማይችለው መንገድ ነው። አባቱ የሞቱት እርሱ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነበር። ከዚያ በኋላ የባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጠቁት። ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ ከጌቶቹ አንዱ ነሲብ የሚል ሌላ ስም አውጥቶለት፣ በመጨረሻ ከቀይ ባሕር ዳር ከምጽዋ ደረሰ። በዚያ ወደብ የነበረው መንገድ ወደ ዐረብ አገር የሚያሻግር እንጂ ወደ ኋላ የሚመልስ አልነበረም። በ1870 ወርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ልጁን ነጻ አውጥቶ በምጽዋ ለነበሩት የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ሰጠው።

በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ የሚገኘው የአንድ ባሪያ ስም ነው፤ ልጁ የመጣበት መንገድ በአዲሱ ስሙም ውስጥ አልተረሳም። ነሲብ የሚለውን ግን አልጣሉትም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እንደ አባት ስም ተጠሩበት። ትምህርት የመቀበል ችሎታቸው ስለ ታየ በ1876 ወደ ስዊድን ተልከው በስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው በዮሃኔሉንድ ሴሚናሪ አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ወደ ምጽዋ ሲመለሱ የልባቸው አሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ወደ ተነጠቁበት አገር ገብቶ በዚያ አገር ቋንቋ ማስተማር።

አሳቡ ቀላል፣ መንገዱ ግን ዝግ ነበር። በሱዳን በኩል ተዙሮ ወደ ምዕራብ ኦሮሞ አገር ለመግባት የተደረገው ጉዞ በማህዲ መነሣት ምክንያት ተሰናከለ። ኦኔሲሞስም በ1882 በበሽታ ተጎድተው ከካርቱም ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ። ኋላ የተሞከረውም እንዲሁ ከግብ አልደረሰም። በእግር ሊደርሱበት ያልቻሉትን አገር በመጽሐፍ ለመድረስ በመቁረጥ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ፣ የሚሲዮኑ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት በነበሩበት ስፍራ፣ ሥራቸውን ጀመሩ። ብዙ ዓመት የፈጀው ትልቁ ሥራቸው የተሠራው ቋንቋው ከሚነገርበት አገር ብዙ የቀን መንገድ ርቆ፣ በሙቀት በሚነድ ዳርቻ ላይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ኦኔሲሞስ ኦሮምኛን በጽሑፍ ለማዋል የመጀመሪያው ሰው አልነበሩም። ካርል ቱቼክ የተባለ ጀርመናዊ ያሰናዳው የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት በ1844 በሙኒክ ታትሟል። የቱቼክ መምህሮች ወደ ጀርመን አገር የተወሰዱ፣ ቀድሞ የተሸጡ አፍሪቃውያን ወጣቶች ነበሩ። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍም የወንጌል ክፍሎችን ወደ ኦሮምኛ ሲያስመልስ የረዳው ሩፎ የሚባል ከባርነት የወጣ ኦሮሞ ወጣት ነው። እንግዲህ ከኦሮምኛ የመጀመሪያ መጻሕፍት ብዙዎቹ፣ የኦኔሲሞስም ጭምር፣ የተገኙት ከተሸጡ ልጆች አፍ ነው። ይህ ነገር በቋንቋ ጥናት ታሪክ ውስጥ ሲነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ሆኖም በመጻሕፍቱ ጠባይ ላይ ያሳደረው ጉዳት ቀላል አልነበረም። በልጅነቱ ከቤቱ የተነጠቀ ሰው የሚያውቀው ቋንቋ የልጅ ቋንቋ ነው። የሽማግሌ ዳኝነት፣ የሠርግና የልቅሶ ቃል፣ የምሳሌው ብዛት፣ የእርሻውና የከብቱ ዝርዝር ስም ሁሉ የሚገኘው ካደጉ በኋላ ነውና።

ኦኔሲሞስም የዚሁ ችግር ተካፋይ ነበሩ። በዐረብኛና በትግርኛ ተናጋሪዎች መካከል ኖረዋል፤ የጉልምስናቸውን መጀመሪያ በስዊድን አሳልፈዋል። ሰዋስው ያውቃሉ፣ ብዕር ያውቃሉ፣ ማተሚያ ቤት አላቸው፤ የጎደላቸው ያደገ ቋንቋ ነበር። ይህን ጉድለት አውቀው መፍትሔ መፈለጋቸው ከትርጉም ሥራቸው ባልተናነሰ ሊመሰገኑበት የሚገባ ነገር ነው፤ ብዙ ሊቅ በዚህ ቦታ ላይ የራሱን ዕውቀት በቂ አድርጎ ያልፋልና።

መፍትሔው የመጣው በአንዲት ልጃገረድ ነው። አስቴር ጋኖ በ1886 ወደ ዐረብ አገር ትወሰድ ከነበረችበት መርከብ በኢጣልያኖች ነጻ ወጥታ ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት መጣች። ዕድሜዋ ያን ጊዜ ከዐሥራ አምስት ዓመት የሚበልጥ አልነበረም። ነገር ግን ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን ሁሉ በአእምሮዋ ይዛ ነበር የተሸጠችው። መማር በጀመረች ጊዜ የማስታወስ ችሎታዋና የቋንቋ ስሜትዋ አስተማሪዎቿን አስደነቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ የኦሮምኛ ቃላትን ከነትርጉማቸው ለቀመች፤ አምስት መቶ ያህል ተረት፣ ምሳሌና ዘፈንም ከቃል ወደ ጽሑፍ አሸጋገረች። ኦኔሲሞስ የተረጎሙትንም እያነበበች የሻከረውን ታለሰልስ፣ ከኦሮሞ አፍ የማይወጣውን አነጋገር ታርም ነበር። በእምኩሉ እንደ እርስዋ ከባርነት የተዋጁ ሌሎች ኦሮሞ ወጣቶችም ስለ ነበሩ፣ ሥራው የአንድ ሰው ጽሕፈት መሆኑ ቀርቶ የብዙ ሰው ችሎት ሆነ።

ቀጥሎ የሚነሣው የፊደል ጥያቄ ነው። ኦኔሲሞስ የላቲንን ፊደል በስዊድን በሚገባ የተማሩ ሲሆኑ ለኦሮምኛ የመረጡት የግእዝን ፊደል ነው። ምርጫው ለጊዜው የሚያስደንቅ አይደለም፤ የእምኩሉ ማተሚያ ቤት በግእዝ ፊደል ያትም ነበር፣ በአገር ውስጥም ማንበብ የሚችል ሰው ቢገኝ የሚያነበው ይህንኑ ነው። ሆኖም ፊደሉና ቋንቋው በሁሉም ቦታ አልገጠሙም። በኦሮምኛ ድምፅ መጥበቁና መላላቱ ትርጉም ይለውጣል። በዳ የሚለውን ቃል ደን አላልቶ የሚያነብ ሰው መጥፎ ይላል፤ አጥብቆ የሚያነብ ግን ደጋ አገር ይላል። የግእዝ ፊደል ሁለቱንም በአንድ መልክ ይጽፋቸዋል። አማርኛም ይኸው ችግር አለበት፤ ነገር ግን የአማርኛ አንባቢ ከልምድ ብዛት የተነሣ አይሰማውም። የአናባቢ መርዘምና ማጠርም እንዲሁ ነው፤ ግእዝንና ራብዑን በመለየት ከፊሉን መወጣት ቢቻልም በሌሎቹ አናባቢዎች ላይ መንገድ አይገኝም። ከዚህ ሌላ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚወጣው የኦሮምኛ ድምፅ በግእዝ ፊደል ውስጥ ምልክት አልነበረውም። በግእዝ ፊደል ለሚጻፈው ኦሮምኛ የዋለው ዸ፣ በደ ላይ ምልክት ተጨምሮበት የተገኘ ፊደል ነው።

ይህ ሁሉ ለዛሬ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። በእርሳስ ፊደል ዘመን ግን አንድ አዲስ ፊደል መጨመር ማለት ከነሰባት ቤቱ ማስቀረጽ፣ ማስቀለጥ፣ በሣጥን ውስጥ ቦታ መስጠት፣ ለቃሚውንም ማስተማር ማለት ነበር። የላቲን ለቃሚ ከመቶ በማይበልጡ ፊደሎችና ምልክቶች መጽሐፍ ያቆማል፤ የግእዝ ለቃሚ ግን ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ከሁለት መቶ ሠላሳ በላይ ሣጥን ይጠብቀዋል፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ገና ሳይቆጠሩ ነው። አንድ ድምፅ የራሱን ፊደል ያገኝ ወይም አያገኝ የሚወሰነው በቋንቋ ሊቅ ብቻ ሳይሆን በማተሚያ ቤቱ ሣጥንና በገንዘቡም ጭምር ነበር።

በ1893 የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን በእምኩሉ ታትሞ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው መጽሐፍ ግን ለሙያ ሰው ከዚያ ይበልጥ ሊያስተውለው የሚገባ ነው። በ1894 የታተመው ይህ የልጆች የፊደልና የንባብ መጽሐፍ የኦኔሲሞስንና የአስቴርን ስም በአንድነት ይዞ ወጣ። በውስጡ ከሃይማኖት ንባብ ጎን አስቴር ከቃል የሰበሰበቻቸው ተረቶችና ምሳሌዎች ይገኛሉ። አንድ ልጅ ማንበብ ሲማር ከባዕድ አገር ታሪክ ሳይሆን አያቱ በምድጃ ዳር ከሚነግረው ተረት እንዲጀምር ማድረግ ዛሬ በሥነ ትምህርት መጻሕፍት ሁሉ የሚነገር ዘዴ ነው። በ1894 ግን በአገራችን ይህን ያደረገ መጽሐፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዳዊት ከመድገም በቀር የንባብ ትምህርት በማይታወቅበት ዘመን የቀበሮንና የጅብን ተረት በታተመ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የሁለቱ ሰዎች የሥራ ክፍያ እኩል አልተቆጠረም፤ የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም በኦኔሲሞስ ስም ብቻ ሲታወቅ የአስቴር ድርሻ ብዙ ዘመን በጥላ ውስጥ ቆየ። የንባብ መጽሐፉ ይህን ሚዛን በከፊል ያስተካክላል።

ብሉይ ኪዳን በ1897 ተፈጽሞ፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር፣ በባዝል አጠገብ በሚገኘው በሳንክት ክሪሾና ታተመ። ኦኔሲሞስ ራሳቸው ወደዚያ ሄደው የኅትመቱን እርማት ተከታተሉ። ሳንክት ክሪሾና ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች እንግዳ ስፍራ አልነበረም። የዐድዋው ተወላጅ ደብተራ ማቴዎስ ወደ ትግርኛ የመለሷቸው አራቱ ወንጌላት በክራፕፍ አሳታሚነት በ1866 የወጡት ከዚያው ነው። የትግርኛም የኦሮምኛም ታላላቅ የመጀመሪያ ኅትመቶች ቋንቋውን በማያውቁ የስዊስ ሠራተኞች እጅ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ መለቀማቸው ሁለቱ ቋንቋዎች የተካፈሉት ዕጣ ነው።

መጽሐፉ ታትሞ ሲያልቅ ተርጓሚው ገና አገራቸውን አላዩም ነበር። ከሚሲዮኑ ሰዎች አስቀድመው ወለጋ የገቡት፣ በ1898 ቦጂ የደረሱት ቀሲስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ባልደረባቸው ነበሩ። ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች ረዳቶቻቸው መንገዱ ተከፍቶላቸው ወለጋ የደረሱት በ1904 ነው። በሕፃንነታቸው የተሸጡት ሰው ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው መጻሕፍቶቻቸውን በአጋሰስ አስጭነው ገቡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በኦሮሞ ስማቸው ኩምሣ ሞሮዳ፣ በመልካም ተቀበሏቸው። በነቀምቴም ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብ ጀመሩ። አስቴርም በማስተማር ሥራ ተሰማርተው በወለጋ ኖሩ፤ ያረፉትም በ1964 ነው።

ተቃውሞው ግን አልዘገየም። ሰው በሚሰማው ቋንቋ የሚደረግ ስብከት አዳማጭ ስለሚያበዛ የአካባቢው ካህናት ቅሬታ አሰሙ፤ ኦኔሲሞስ በ1906 ተከሰው በአዲስ አበባ ከአቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀረቡ። የተፈረደባቸው ከአገር እንዲወጡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አቃለሉት፤ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ሲፈቅዱላቸው እንዳይሰብኩ ግን ከለከሏቸው። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ጸጥ ያሉ ናቸው። መስበክ የተከለከሉ ሰው በቤታቸው ተቀምጠው ሲያስተምሩ፣ መጻሕፍቱም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆዩ። በ1916 ከልጅ ኢያሱ ፈቃድ ተሰጣቸው፤ ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱን ተከራክሮ የሻረባቸው የለም። ኦኔሲሞስ ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምቴ አረፉ።

ከእርሳቸው ሞት በኋላ መጽሐፉ የደረሰበት ነገር የቋንቋው ዕጣ ነው። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ የትምህርት ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ ለልጆች የታሰበው የንባብ መጽሐፍም የሚነበብበት ክፍል አጣ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሪሳ ጋዜጣ በግእዝ ፊደል በኦሮምኛ መታተም ጀመረ፤ በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን ጨምሮ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች በዚሁ ፊደል አስተማረ። በሌላ በኩል በሐረርጌ የኖሩት ሼኽ በክሪ ሳጳሎ፣ የግእዙም የዐረቡም የላቲኑም ፊደል ለኦሮምኛ አይስማማም ብለው በ1956 ፍጹም አዲስ ፊደል ፈጥረው ነበር፤ ፊደሉ በአካባቢው ጥቂት ከተሠራበት በኋላ ታገደ። በ1991 በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ ኦሮሞ ምሁራን በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ቁቤን መረጡ። መጥበቅን ፊደል ደግሞ በመጻፍ፣ መርዘምን አናባቢ ደግሞ በመጻፍ የሚያሳይ በመሆኑ ከላይ የተነገረው የበዳ ችግር በዚያ ተፈታ። አጻጻፉ በትምህርት ቤቶች ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ተማሩበት።

ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት ስምምነት የግእዝን ፊደል የመዘገበው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትሙ ነው። የትግርኛው ቐ ከነቤተሰቡ፣ የኦሮምኛውም ዸ ከነቤተሰቡ ቦታ ያገኙት ያን ጊዜ ነው። ይህም ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሳንክት ክሪሾና ከታተመ ልክ መቶ ዓመት በኋላ፣ የኦሮሞ ልጆች ቁቤ መማር ከጀመሩ ደግሞ ስምንት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ለቐ መሣሪያው በደረሰ ጊዜ ጸሐፊዎቹ ይጠብቁት ነበር፤ ለዸ መሣሪያው ሲደርስ አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ወደ ሌላ ፊደል ሄደዋል።

ስለዚህ ዛሬ ዸ በይበልጥ የሚያስፈልገው ለአዲስ ጽሑፍ ሳይሆን የቆየውን ለማዳን ነው። የ1894ቱን የንባብ መጽሐፍ ለዛሬ ወጣት በስልኩ እንዲያነበው ማሰናዳት የሚሻ ሰው ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ገጹን እንደ ታተመ በግእዝ ፊደል መክተብ ሲሆን ይህን ዛሬ ማንኛውም ኮምፒዩተር ይችለዋል። ሁለተኛው ወደ ቁቤ ማዛወር ነው፤ በዚህ ላይ መሣሪያው ብቻውን ይቆማል። በዳ የሚለውን ቃል ሲያገኝ መጥፎ ይሁን ደጋ፣ ማጥበቅ ይገባው ወይም አይገባው፣ ፊደሉ አይነግረውም። በዚያን ጊዜ ተረቱን ከአያቱ ሰምቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ከኮምፒዩተሩ ጎን ተቀምጦ ቃል በቃል ማንበብ ይኖርበታል፤ በእምኩሉ አስቴር ከኦኔሲሞስ ጠረጴዛ ጎን ተቀምጣ ታደርገው የነበረውም ይኸንኑ ነው።